ዘጠነኛው ምስክር

ኮምፒውተር በሥራ ላይ ሳለ በድንገት ሲቆም፥ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚከሰው በዚያች ሰዓት ከፊቱ ተከፍቶ የነበረውን ፕሮግራም ነው፤ ደብዳቤ ሲጽፍ የቆመበት የጽሑፉን ፕሮግራም፥ ሒሳብ ሲያሰላ የቆመበት የሒሳቡን ፕሮግራም ይወቅሳል። ነገር ግን እንዲህ ከሚወቀሱት መካከል አንዳንዶቹ ምንም በደል ሳይገኝባቸው፥ በማዘርቦርዱ ላይ የተሰካው ራም በአደራ የተቀበለውን ቍጥር ለውጦ ስለ መለሰላቸው ብቻ የወደቁ ናቸው። ቁም ጸሐፊ የሚገለብጥበት አብነት አንዲት ፊደል ተፍቃበት እንደ ሆነ፥ እጁ የቱን ያህል የታመነ ቢሆን ከእርሱ የሚወጣው መጽሐፍ ሁሉ ያንኑ ጕድለት ይዞ ይወጣል፤ አንባቢውም ከብዙ ዘመን በኋላ ስሕተቱን ባየ ጊዜ የሚወቅሰው ጸሐፊውን እንጂ አብነቱን አይደለም። የኮምፒውተርም ነገር እንዲሁ ነው፤ ጕዳቱ በአንድ ሥፍራ ይደርሳል፥ ጩኸቱ በሌላ ሥፍራ ይሰማል፥ በሁለቱም መካከል ደቂቃዎች ወይም ቀኖች ያልፋሉ።

ይህን ስውር ጕዳት ፈልጎ የማግኘት ጥበብ ዕድሜው ከኮምፒውተር ዕድሜ ጋር እኩል ነው፤ እንዲያውም ፕሮግራሟን በገዛ ማኅደረ ትውስታዋ ይዛ የሠራችው የመጀመሪያዪቱ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር የተሠራችው ማኅደረ ትውስታን ለመፈተን ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል። በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ፥ ፍሬዲ ዊልያምስና ቶም ኪልበርን የተባሉት መሐንዲሶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለራዳር ያገለግል የነበረውን የካቶድ ጨረር ቱቦ ወስደው ቍጥር እንዲይዝላቸው ለማድረግ ተነሡ። የቱቦው ፊት በኤሌክትሮን ጨረር በተመታ ጊዜ ጥቂት የኤሌክትሪክ ሙል በላዩ ይቀራል፤ ያም ሙል ለሰከንድ ክፍልፋይ ያህል ብቻ የሚቆይ በመሆኑ፥ መሣሪያው ከመጥፋቱ በፊት እያነበበ መልሶ በመጻፍ ያለ ዕረፍት ያድሰዋል። ቱቦው አንድን ጽሑፍ ለሰዓታት ሳይለውጥ እንደሚጠብቅ ካረጋገጡ በኋላ፥ በእውነተኛ ስሌት ፍጥነት ሲነበብና ሲጻፍ ግን ይታመን እንደ ሆነ ለማወቅ ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው፥ በዙሪያው አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ሠሩለትና «ሕፃን» የሚል ቅጽል ወጣላት።

የሕፃኗ ማኅደረ ትውስታ በጠቅላላው 1,024 ቢት፥ ማለት እያንዳንዳቸው 32 ቢት የሆኑ 32 ቃላት ብቻ ይይዝ ነበር። ጁን 21 ቀን 1948 ዓ.ም. 17 ትእዛዛት ያሉት ፕሮግራም ተሰጥቷት፥ ቍጥር 262,144ን ያለ ቀሪ የሚያካፍለውን ከራሱ በታች ያለ ትልቁን ቍጥር ስትፈልግ 52 ደቂቃ ቈይታ፥ 131,072 የሚለውን ትክክለኛ መልስ ሰጠች። መልሱን ማንም በእጁ ሊያገኘው የሚችል ቀላል ነገር ነበር፤ መሐንዲሶቹም የፈለጉት መልሱን አልነበረም። ለአንድ ሰዓት ያህል ከሚሊዮን በላይ የሆኑ ንባቦችና ጽሕፈቶች ሲፈራረቁ አንዲት ቢት እንኳ ብትዛባ መልሱ እንደሚበላሽ ዐውቀው፥ የመልሱን ትክክለኛነት ስለ ማኅደረ ትውስታው ታማኝነት እንደ ምስክር ተቀበሉት። ዛሬም ራም የሚመረመርበት ፕሮግራም ሁሉ በመሠረቱ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ይጽፋል፥ ቈይቶ ያነባል፥ ያስተያያል።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ በቤል የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ሃሚንግ የሚባል የሒሳብ ሊቅ፥ ነገሩን ከሌላ በኩል እንዲያስብ ያደረገው ንዴት ነበር። በ1947 ዓ.ም. ሃሚንግ የሚጠቀምባት በሪሌ የምትሠራው ኮምፒውተር በውስጧ ስሕተት ስትገኝ ለይታ የማወቅ ችሎታ ነበራት፤ በሥራ ቀን ባለሙያዎች ቀርበው ያቃኗታል፥ በሰንበት ግን ማንም በአጠገቧ ስለማይኖር ስሕተት ያገኘችበትን ሥራ ጥላ ወደሚቀጥለው ሰው ሥራ ትሻገራለች። ሃሚንግ ዐርብ ያስገባውን ሥራ ሰኞ ሲመጣ ተጥሎ አገኘው፤ በሚቀጥለውም ሰንበት እንዲሁ ሆነበት። ያን ጊዜ፥ መሣሪያዪቱ ስሕተት መኖሩን ማወቅ ከቻለች ስሕተቱ ያለበትን ሥፍራ ዐውቃ ራሷ የማታቃናው ስለ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ የጥያቄውም ፍሬ በ1950 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ።

የነገሩን ምሥጢር ለመረዳት ከቀላሉ መጀመር ይገባል። ስምንት ቢት በማኅደር ሲቀመጡ ዘጠነኛ ቢት እንደ ምስክር ይጨመርላቸዋል፤ ምስክሩም በዘጠኙ መካከል ያሉት አንዶች ብዛት ምን ጊዜም ኢ-ተጋማሽ እንዲሆን ተደርጎ ይጻፋል። ሲነበቡ የአንዶቹ ብዛት ተጋማሽ ሆኖ ከተገኘ፥ ከዘጠኙ ቢያንስ አንዱ እንደ ተለወጠ ያለ ጥርጥር ይታወቃል። ባለሙያዎች ፓሪቲ የሚሉት ይህ ነው። ይሁን እንጂ ምስክሩ ብቻውን ስለ ሆነ የትኛው እንደ ተለወጠ መናገር አይችልም፤ ሁለት ቢቶች በአንድነት ቢለወጡም ብዛቱ ተመልሶ ኢ-ተጋማሽ ስለሚሆን ምንም ሳያይ ያልፋል። የሃሚንግ ጥበብ ምስክሮቹን አብዝቶ፥ እያንዳንዱን ምስክር የተለያየ ግን እርስ በርሱ የተጠላለፈ ወገን እንዲጠብቅ ማድረግ ነበር፤ እነማን «ተዛብቷል» እንዳሉና እነማን «ደኅና ነው» እንዳሉ አንድ ላይ ሲታይ፥ ከምስክርነታቸው ጥምረት የስሕተቱ ሥፍራ ራሱ ይነበባል። ለአራት ቢት ሦስት ምስክሮች ያስፈልጋሉ፤ ለስድሳ አራት ቢት ግን ስምንት ምስክሮች አንድ ስሕተት ለማቃናትና ሁለት ስሕተት ለመለየት ይበቃሉ። አይ.ቢ.ኤም. በ1961 ዓ.ም. ያወጣው ስትሬች የተባለው ታላቅ ኮምፒውተር ልክ ይህን ያህል ምስክር ነበረው።

በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ዊርልዊንድ የተባለውን ኮምፒውተር የሠራው ጄይ ፎረስተር ደግሞ ሦስተኛ ብልሃት አመጣ። በሺህ የሚቈጠሩ ቫልቮች በየተራ እየደከሙ ሥራውን ሲያቋርጡበት፥ ለምርመራ በተመደበ ሰዓት የኤሌክትሪኩን ኃይል ሆን ብሎ ከልኩ ዝቅና ከፍ በማድረግ፥ ነገ በሥራ ላይ የሚወድቀው ደካማ ዛሬ በምርመራ ላይ እንዲወድቅ አደረገ። ይኸው ፎረስተር አጭር ዕድሜና ውድ ዋጋ የነበራቸውን የማኅደር ቱቦዎች ጥሎ፥ በሽቦ ላይ በተሰኩ ጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች በ1953 ዓ.ም. ተካቸው፤ ቀለበቶቹን አስቀድሞ ለመፈተን ራሱን የቻለ ሌላ ኮምፒውተር መሠራቱም የማንቸስተሩ ታሪክ መደገሙ ነበር። የማግኔት ቀለበት ኤሌክትሪክ ቢጠፋ እንኳ የያዘውን የማይለቅ ጽኑ ዕቃ በመሆኑ፥ ለሃያ ዓመት ያህል በአንጻራዊ ሰላም ተኖረ።

ሰላሙን ያናጋው ርካሽነት ነው። የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ አንዲት ቢት በአንድ ትራንዚስተርና በአንድ ኢምንት ካፓሲተር ብቻ ልትያዝ እንደምትችል በ1966 ዓ.ም. ዐስቦ በ1968 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አገኘበት፤ ኢንቴልም በ1970 ዓ.ም. 1103 የሚባለውን ቺፕ ለገበያ አወጣ። ቺፑ የሚይዘው 1,024 ቢት፥ ማለት የማንቸስተሯ ሕፃን ሙሉ ማኅደረ ትውስታ የነበረውን ያህል፥ ከጣት ጥፍር ባነሰ ሥፍራ ነበር። እንደ ቱቦውም ሁሉ የያዘው ሙል ሾልኮ ስለሚጠፋ በየጥቂት ሚሊሰከንዱ ካልታደሰ ይረሳል። ዛሬ በእያንዳንዱ ኮምፒውተርና በእያንዳንዱ የእጅ ስልክ ውስጥ ያለው ራም የዚህ ቺፕ የልጅ ልጅ ነው።

ከዚህ በኋላ ሊቃውንቱን እጅግ ያስጨነቀ አዲስ ዓይነት ሕመም ተገለጠ። በ1976 ዓ.ም. የመጀመሪያው ክሬይ 1 ኮምፒውተር በኒው ሜክሲኮ ተራራ ላይ ወዳለው የሎስ አላሞስ የምርምር ማዕከል ለሙከራ በተወሰደ ጊዜ፥ በስድስት ወር ውስጥ 152 የማኅደር ስሕተት በፓሪቲው ተመዘገበበት፤ ምስክር እንጂ አቃኚ ስላልነበረው ስሕተቱን ከመናገር በቀር የሚያደርገው አልነበረም። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ቲሞቲ ሜይና መሪ ዉድስ የተባሉት የኢንቴል ተመራማሪዎች፥ በአዳዲሶቹ ቺፖች የሚታየው ስሕተት ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር፥ ተመልሶ ሲጻፍበት ፈጽሞ ደኅና የሚሆን፥ ቺፑም ቢፈታ ቍስል የማይገኝበት ሆኖ ቢቸገሩ፥ በመጨረሻ መንሥኤውን ከቺፑ ውጭ፥ በማቀፊያው ሸክላ ውስጥ አገኙት። ሸክላው ከመሬት የወጣ እንደ መሆኑ ኢምንት ዩራኒየምና ቶሪየም ነበረበት፤ ከእነርሱ የሚፈናጠረው የአልፋ ቅንጣት በቺፑ ላይ ሲያልፍ ካፓሲተሩ የያዘውን ሙል ይዘርፈው ነበር። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ መርማሪዎች ሁለት ዓይነት ስሕተት መለየት ተገደዱ፤ አንዱ ቺፑ በእርግጥ የቈሰለበትና በዚያው ሥፍራ የሚመላለስ ጽኑ ስሕተት፥ ሁለተኛው ምንም ዱካ ሳይተው የሚሄድ አላፊ ስሕተት።

ሸክላው ቢጠራም ነገሩ አላበቃም። ቪክቶር ሄስ በ1912 ዓ.ም. በባሉን ከአምስት ሺህ ሜትር በላይ ወጥቶ ያገኘው የጠፈር ጨረር፥ በከባቢ አየር ውስጥ የኒውትሮን ዝናብ እያስከተለ ወደ ምድር እንደሚወርድ ይታወቅ ነበር፤ ጄምስ ዚግለርና ዊልያም ላንፎርድ በ1979 ዓ.ም. ይህ ዝናብ የኮምፒውተርን ማኅደር ሊያዛባ እንደሚችል በሳይንስ መጽሔት ላይ አስረዱ። አይ.ቢ.ኤም. በኋላ ቺፖችን ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው የኮሎራዶ ከተማ ወደ ሌድቪል አውጥቶ፥ ሌሎቹንም ከምድር በታች ከዐለት ሥር አስቀምጦ ቢያስተያይ፥ ስሕተቱ በተራራው ላይ በዝቶ ከዐለት ሥር ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። ይህ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ባዕድ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ከሎስ አላሞስ የማያንስ በመሆኑ፥ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ ቀጭን አየር ትለብሳለችና ከላይ ለሚወርደው ዝናብ ይበልጥ የተገለጠች ናት። ነገር ግን አገራችን በምድር የማግኔት ወገብ አጠገብ ስለምትገኝ፥ የምድር ማግኔትነት ከጠፈር የሚመጡትን ቅንጣቶች ከየትኛውም ሥፍራ አብልጦ የሚመልሰው በዚህ አካባቢ ነው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተከበረ ጊዜ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የማግኔት መመልከቻ የተቋቋመውም በዚሁ አቀማመጣችን ምክንያት ነበር። ከፍታው የጨመረብንን ጨረር የማግኔቱ ወገብ በከፊል ይቀንስልናል።

አሁን ወደ ታሪኩ እምብርት እንመጣለን፤ ይኸውም ምስክሩ ከቤት ኮምፒውተር የተሰናበተበት ጊዜ ነው። በ1981 ዓ.ም. የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ስምንት ቺፕ ዘጠነኛ ቺፕ ነበረው። መሣሪያው ሲበራ ማኅደሩን ራሱ ይፈትናል፤ ስሕተት ካገኘ 201 የሚል ቍጥር ያወጣል፥ ከእርሱ ጋር የሚታዩትን ምልክቶች ማንበብ የሚያውቅ ጠጋኝም ከብዙዎቹ መካከል የትኛው ቺፕ እንደ ታመመ ለይቶ ያን ብቻ ነቅሎ ይለውጣል። ብዙ ጊዜም መለወጥ አያስፈልግም ነበር፤ ቺፖቹ በሙቀትና በቅዝቃዜ እየተለጠጡና እየተኰማተሩ ከተሰኩበት ቀዳዳ ቀስ በቀስ ስለሚወጡ፥ በአውራ ጣት ተጭኖ ወደ ቦታቸው መመለስ ይበቃ ነበር። በሥራ ላይ ሳለ ስሕተት ከተገኘ ደግሞ መሣሪያው «ፓሪቲ ቼክ» የሚል ቃል አውጥቶ ወዲያው ይቆማል። ተጠቃሚው በዚህ አቋቋም ቢበሳጭም ቢያንስ የቆመበትን ምክንያት ዐውቆ ይበሳጭ ነበር፤ የተዛባ ቍጥርም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሒሳብ መዝገቡ አልፎ አይገባም ነበር።

በ1990ዎቹ የዋጋ ፉክክር በበረታ ጊዜ ግን ሠሪዎቹ ዘጠነኛውን ቺፕ ማስቀረት ጀመሩ፤ ከዘጠኝ አንዱን መቀነስ በብዙ ሺህ ኮምፒውተር ሲባዛ ትልቅ ገንዘብ ነበርና። ከዚህም የከፋ ነገር በገበያ ላይ ታየ፤ ምስክሩን ለሚፈልጉ ማዘርቦርዶች፥ የተጻፈውን ነገር ከመጠበቅ ይልቅ በተነበበ ጊዜ የሚስማማ መልስ እያሰላ «ሁሉ ደኅና ነው» የሚል ቺፕ የተሰካበት ራም ይሸጥ ነበር። ገዢ ስለ ሐሰተኛ ምስክር ገንዘቡን ከፈለ። በእኔ አስተያየት በዚህ መሣሪያ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ያለ ጕዳት ያመጣ ሌላ ውሳኔ የለም፤ ምክንያቱም ራሙ እንደ ቀድሞው መሳሳቱን አልተወም፥ የተተወው መናገሩ ብቻ ነበር፥ ስለሆነም ቀድሞ መሣሪያው በአንዲት ቅጽበት ይፈርደው የነበረውን ነገር ከዚህ በኋላ ተጠቃሚውና ጠጋኙ በቀናት ልፋት እንዲፈርዱት ተጣለባቸው። በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ዓ.ም. ከ1,100 የአፕል ኮምፒውተሮች የተሠራው ታላቅ ስብስብ ስሕተት አቃኝ ማኅደር ስላልነበረው፥ በሚቀጥለው ዓመት ማኅደራቸው አቃኝ በሆነ በሌሎች ኮምፒውተሮች ተተካ። የግል ሰው ግን እንዲህ ያለ አቅም የለውም።

ምስክር ካልተገኘ ከሁኔታ ማስረጃ መፍረድ የግድ ይሆናል። በ1990ዎቹ የሊኑክስን ከርነል በኮምፓይለር ያዘጋጁ የነበሩ ሰዎች፥ ሥራው «ሲግናል 11» እያለ ሲቆምባቸው ቀስ በቀስ አንድ ብርቱ የምርመራ ደንብ አወጡ። ያንኑ ሥራ ድገመው፤ በየጊዜው በዚያው መስመር ላይ የሚወድቅ ከሆነ በደሉን በፕሮግራሙ ፈልግ፥ አሁን እዚህ፥ ኋላ እዚያ እየወደቀ ከሆነ ግን ፕሮግራሙን ተወውና መሣሪያውን ፈትን። ፕሮግራም ያንኑ ነገር ሲሰጡት ያንኑ ያደርጋልና፥ መለዋወጡ ራሱ መሣሪያው እንደ ታመመ ይጠቁማል። ኮምፒውተሩ ሲወድቅ በሚወጣው ሰማያዊ ስክሪን ላይ ዛሬ አንድ ምክንያት፥ ነገ ሌላ ምክንያት ተጽፎ የሚያይ ሰውም ነገሩን በዚሁ ደንብ ሊመዝነው ይገባዋል።

በ1994 ዓ.ም. ክሪስ ብሬዲ የጻፈው ሜምቴስት 86 የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ዋነኛ መሣሪያ ሆነ። የኮምፒውተሩ መደበኛ ሥርዓት ከመነሣቱ በፊት ራሱን ችሎ ስለሚነሣ፥ ሌላ ፕሮግራም በራሙ ላይ ሥፍራ ሳይዝበት ሁሉን ሊፈትን ይችላል። አንዱን ንድፍ ከዳር እስከ ዳር ይጽፋል፤ ከታች ወደ ላይ እያነበበ በተቃራኒው ይተካል፤ ከላይ ወደ ታች እያነበበ መልሶ ያቃናል፤ እንዲህ የሚመላለሰው አንዲት ቢት ስትጻፍ ጎረቤቷን የምትነካ እንደ ሆነ ያ እንዲገለጥ ነው። እያንዳንዷን ቢት ከሌሎቹ ሁሉ ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ይበልጥ ጥብቅ ምርመራ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ቢቶቹ በበዙ መጠን ጊዜው በብዛታቸው ካሬ ስለሚያድግ፥ የዛሬን ራም በዚያ መንገድ መመርመር ከሰው ዕድሜ በላይ ይፈጃል።

በአዲስ አበባ የጥገና ሱቆች ያሉ ልምድ ያላቸው ጠጋኞች የሚከተሉት ሥርዓትም ይኸው ነው። አስቀድመው ራሙን ነቅለው ወርቅማ ጥርሶቹን በላጲስ ያጸዳሉ፥ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቺፑ ሳይሆን የመነካካቱ ነውና። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ ትተው ይፈትናሉ፤ ስሕተቱ ራሙን ተከትሎ ወደ ሌላ ስሎት ከሄደ በደለኛው ራሙ፥ በስሎቱ ከቀረ በደለኛው ማዘርቦርዱ ነው። ምርመራውንም ሌሊቱን ሙሉ ያቆዩታል፤ ሲሞቅ ብቻ የሚሳሳት ራም አለ፥ የደከመ ፓወር ሳፕላይም የራምን ሕመም መስሎ ይታያል። ስሕተት ያገኘ ምርመራ ራሙን ወይም ዙሪያውን በእርግጥ ይከሳል፤ ስሕተት ያላገኘ ምርመራ ግን ነጻ አያወጣም፥ የተፈተነው በዚያ ሌሊት በዚያ ንድፍ ብቻ ነውና።

ያልተነገረ ስሕተት ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የሚያሳየው ነገር በቤልጂየም በስኻርቤክ ከተማ ሜይ 18 ቀን 2003 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ደረሰ። አንዲት ተወዳዳሪ ሊሆን ከሚችለው በላይ ድምፅ አግኝታ ተገኘች፤ እንደ ገና ሲቈጠር ትርፉ ልክ 4,096 ሆነ፥ ይኸውም አንዲት ቢት ከዜሮ ወደ አንድ ስትገለበጥ የሚጨመረው ቍጥር ነው። መርማሪዎች መሣሪያውን ደጋግመው ቢፈትኑ ስሕተቱ ዳግመኛ አልታየም፤ ከአላፊ የማኅደር ስሕተት በቀር የሚስማማ ምክንያትም አላገኙም። ስሕተቱ የተደረሰበት ቍጥሩ የማይቻል ስለ ነበረ ነው። የተገለበጠችው ሌላይቱ፥ አነስ ያለ ዋጋ ያላት ቢት ብትሆን ኖሮ፥ ለማመን በሚቻል ቍጥር ውስጥ ተሰውራ ትቀር ነበር።

የማኅደር ስሕተት ጠባይ በስፋት የታወቀው በ2009 ዓ.ም. ቢያንካ ሽሮደር ከጎግል ተመራማሪዎች ጋር ሆና በዚያ ድርጅት ኮምፒውተሮች ላይ ለሁለት ዓመት ተኩል የተሰበሰበውን መዝገብ ባሳተመች ጊዜ ነው። በዓመት ውስጥ ከኮምፒውተሮቹ ሢሶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ስሕተት አይተዋል፤ ከራሞቹም ከ100 ከ8 የሚበልጡት ተነክተዋል፤ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀው ግን የሚበዛው ስሕተት ከጠፈር የመጣው አላፊ ሳይሆን፥ አንድ ጊዜ የተሳሳተው ራም ደግሞ ደጋግሞ የሚሳሳትበት ጽኑ ስሕተት መስሎ መታየቱ ነበር። ይህ መዝገብ ሊጻፍ የቻለው በእነዚያ ኮምፒውተሮች ላይ ምስክሮቹ ስላልተነሡ ነው።

በ2020 ዓ.ም. የታወጀው ዲ.ዲ.አር. 5 የተባለው የራም ደንብ፥ ቢቶቹ እጅግ ከማነሳቸው የተነሣ ያለ አቃኝ ሊታመኑ ስላልቻሉ፥ በእያንዳንዱ ቺፕ ውስጥ የሃሚንግን ጥበብ የሚሠራ ክፍል እንዲኖር አዘዘ። ይህ ክፍል የሚጠብቀው በቺፑ ውስጥ የተቀመጠውን ብቻ ነው፤ ከቺፑ እስከ ፕሮሰሰሩ በሚደረገው ጕዞ የሚደርሰውን መዛባት አያይም፥ ያቃናውንም ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ለኮምፒውተሩ ባለቤት አያሳውቅም። ጕዞውን ሁሉ የሚጠብቀውና የሚናገረው ራም አሁንም በብዛት የሚሸጠው ለሰርቨር ሲሆን፥ የተማሪው፥ የጸሐፊውና የነጋዴው ኮምፒውተር ያለ እርሱ ይሠራል።